የዘይቱና አፍና የዘይቱና እጅ

ዘይቱናን «እንዴት ነሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሥራ ይፈታል። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። በዚህ ታበቃለች ብሎ መንገዱን የሚቀጥል ካለ ለከተማችን ለአማን እንግዳ ነው። የእናቱን ጉልበት ትጠይቀዋለች። የእናቱ ጉልበት ሲያልቅ የሚያፈሰው ጣራው ተጠገነ ወይ ትላለች፤ ከዚያ ቱም የተዳረችው እህቱ ተገላገለች ወይ፣ ጌጫ ያለው አጎቱ ከድንበርተኛው ጋር ታረቀ ወይ። ጠያቂው ስለ ሰባት ዘመዶቹ ቃሉን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ስለ ዘይቱና ግን አንዲት ነገር አልሰማም። ወሬ ምሳው በሆነ ሰፈር ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ራሷ ፍርፋሪ ሳታስወጣ የኖረች ሴት እሷ ብቻ ናት።

ከአጋሮ ወደ እኛ አገር የመጣችው በስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ጨውና አቡጀዴ ይነግድ ስለነበር በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ገባች፤ ዝናቡ ጨውን አሟሙቶት ሚዛን ከተማ ስትወርድ ቀሚሷ በጨው ደርቆ ብቻውን ይቆም ነበር ይባላል። እዚሁ አደገች፣ እዚሁ ተዳረች። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አንድ ልጅ አለቻት፣ ማርዋ፤ ቴፒ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ዘይቱና ራሷ ሃያ ስምንት ዓመት ቡና ለቅማለች። ከዛፍ ሳይሆን ከትሪ።

መጋዘኑ ከከተማው መውጫ ላይ ነው። ስድስት ስድስት ሴቶች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ በመቀሸሪያው ማሽን ቅርፊቱ የተገፈፈ ቡና በየትሪያቸው ይፈስላቸዋል፤ ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ነቀዝ የቀመሰውን በጣታቸው እየለዩ አጠገባቸው ወዳለ ጣሳ ይጥላሉ። ማታ ሥራ ሲያበቃ ካቦው ጀዋር በየተራ ይዞርና ትሪ እያዘነበለ ያያል። ጀዋር ጥቁር ፍሬ ሲያገኝ የሚያሰማውን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ መስማት አይፈልግም። በዘይቱና ትሪ ላይ ግን ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም። ሁለቱ እጆቿ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ይመስላሉ፤ ቀኙ ይለቅማል፣ ግራው ይበትናል፣ አፏ ደግሞ የሰውን ጎረቤት ይመረምራል።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ልማድ አለ፤ «እጅ ማዋስ» ይሉታል። አንዷ ሐዘን ላይ ስትሆን፣ ወይ ከአራስ ቤት ወጥታ ዓይኗ ከሥራው ጋር አልገጥም ሲል፣ ለሶላት ወይ ለውሃ ብድግ ባለች ቁጥር ጎረቤቶቿ ትሪዋን ያጠሩላታል። ለባለ ትሪዋ አይነገርም። ለካቦ አይነገርም። ስድስቱ እርስ በርሳቸው እንኳ አያነሱትም። በእኛ ከተማ ሰው እያወቀ የማያወራው ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ ዝናቡ ሲገባ ዘይቱናን መቀመጥ አቃታት።

ከአማን ወደ ሚዛን ባጃጅ ትሳፈራለች፤ ግማሽ መንገድ ላይ «ወራጅ!» ብላ ትወርድና በጭቃው ወደ ኋላ በእግሯ ትመለሳለች። ገበያ ሄዳ ባዶ ዘንቢል ይዛ ትመጣለች። የታጠበ ልብስ አውርዳ ደግማ ታጥባለች። ሰው ቤት ገብታ ከመቀመጧ ትነሳለች፣ ከመነሳቷ ትቀመጣለች፤ ጣቶቿ ደግሞ ከነጠላዋ ጠርዝ ክር ይመዛሉ፣ ከጠረጴዛ ልብስ ላይ የሌለ ነገር ይለቅማሉ። ምግብ ሲቀርብ አንድ ጊዜ ትጎርስና የቀረውን ለሰው እያጎረሰች ትጨርሳለች። ከስታ ጉንጯ ገባ። እንቅልፍ ቤቷን ለቅቆ ወጣ። አፏ ግን ዱሮ የነበረበት ቦታ ላይ ነው፦ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። የእናትህ ጉልበትስ?»

ሰፈሩ ምክንያት ፍለጋ ወጣ። አንዱ ባሏ ትዝ ብሏት ነው አለ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ። አንዱ ልጇ ቴፒ ላይ ያልተፈቀደላት ሰው ይዛ ነው አለ፤ ማርዋ ይህን ስትሰማ «ምነው እውነት ቢሆን» ብላ ሳቀች። ሌላው ወንዙ ዳር የሆነ ነገር ለክፏት ነው አለ። የቡና አቧራ ጭንቅላቷ ገብቶ ነው ያለም አለ፤ እሱ እንኳ ራሱ መጋዘን ውስጥ ስለሚሠራ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍንጫውን ሸፍኖ መዋል ጀመረ። እውነተኛው ምክንያት አልተገኘም። እስከ ዛሬም አልተገኘም፤ ለሰፈራችን ይህ ትልቅ ሽንፈት ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው በየነች ናት። በየነች የቤንች ልጅ ናት፤ አርባ ዓመቷ ነው፣ ከዘይቱና በስተቀኝ ትቀመጣለች፣ ምላሷን ይዛ አታውቅም። አንድ ቀን ዘይቱና ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ስትነሳ ትሪዋን ቀና ብላ አየች። ጥቁሩ ሁሉ ትሪው ላይ ነው። ወደ ጣሳው አጎንብሳ ስታይ ደግሞ ንጹሕ ንጹሑ ፍሬ እዚያ ተከምሯል። እጁ እንደ ዱሮው ይፈጥናል፤ ግን ለቃሚዋ የለችበትም። በየነች ምንም አልተናገረችም፤ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበች። ማናልሞሽ የምትባለው ከስድስቱ ታላቋ ጣሳውን ሳበች። ዘይቱና ሰግዳ ስትመለስ ትሪዋ ጠርቶ ጠበቃት። በማግስቱም እንዲሁ። ወሩን ሙሉ እንዲሁ።

በዚህ መሃል ማርዋ ከቴፒ መጣችና እናቷን አማን ውስጥ ካሉት ጤና ቤቶች ወደ አንዱ ወሰደቻት፤ ወደ አእምሮ ጤና ክፍል። በዚያ በር የሚገባ ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ፊቱ ላይ ዝቅ አድርጎ ነው የሚገባው፣ ዝናብ በማይጥልበት ቀንም ጭምር። ሰፈሩ ግን ሰውን ሳይሆን ጃንጥላን ነው የሚያውቀው፤ ከመምሸቱ በፊት የዘይቱና አረንጓዴ ጃንጥላ መግባቱ ተሰምቶ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ፍሬአብ ይባላል፤ የሆሳዕና ልጅ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ። ሁሉም ዶክተር ይለዋል፣ እሱም «ነርስ ነኝ» ሲል ይውላል። የመጀመሪያው ቀን ማርዋ አጠገቧ ስለነበረች የእናቷን መልስ ሁሉ እሷ መለሰች፤ አትተኛም፣ አትበላም፣ አትቀመጥም አለች። ፍሬአብ የድብርት መድኃኒት አዘዘ። «ቶሎ አይታወቅም፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ታገሡት፤ እንዳያቋርጡ» አለ።

በአራተኛው ሳምንት ማርዋ ተማሪዎቿን እየፈተነች ነበር፤ ዘይቱና ብቻዋን ሄደች። ፍሬአብ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበትን የድብርት መመዘኛ ወረቀቱን አወጣ። ደስታ ማጣት? አልሐምዱሊላህ። እንቅልፍ? አልሐምዱሊላህ። ምግብ? አልሐምዱሊላህ፤ አንተስ፣ እዚህ አገር ማን ያበስልልሃል? አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ የፍሬአብ እናት ሆሳዕና ውስጥ ወገቧን እንደሚያማት ታውቆ ነበር። ስድስተኛው ላይ ስለ እጮኛው ወጣ። ስምንተኛው ላይ ሁለቱም ይስቁ ነበር፤ ደጅ ወረፋ የያዘ ሰው ሳቁን ሰምቶ ሠርግ ቤት የገባሁ መሰለኝ ብሏል። ፍሬአብ ያም ሆኖ ተጠራጠረ፤ ማርዋ ጋ ደወለ፣ «ሥራዋ ላይ እንዴት ናት?» አለ። ማርዋ ጀዋር ጋ ደወለች። ጀዋር ምን ይበል? «ከመጋዘኑ ትሪ ሁሉ የጠራው የሷ ነው» አለ፤ ማለ። ስለዚህ ፍሬአብ ካርዱ ላይ «መሻሻል አለ» ብሎ ጻፈ፣ ያንኑ መጠን አዘዘ፣ ከሁለት ወር በኋላ ቀጠረ።

ከዚያ በኋላ ዘይቱና ቤቷን ማቅለል ጀመረች። ራዲዮኗን ለመስጊዱ ዘበኛ ሰጠች። ትልቁን ድስት ለጎረቤት። ለዒድ ብቻ የምታስረውን ሐር ሻሿን ለበየነች። በየነች ሦስት ቀን ሻሹን አስራ ተንጎራደደች፣ ማናልሞሽን ሆን ብላ በፊቷ እየተመላለሰች አስቀናቻት። በአራተኛው ቀን ድስቱ መሰጠቱን ሰማች፤ ራዲዮውም መሰጠቱን ሰማች። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ሩቅ አገር ሊሄድ ሲል ነው። ዘይቱና ደግሞ የትም ልትሄድ አልነበረም። በየነች ሻሹን ፈትታ ኪሷ ከተተችና የሥራ ሰዓቷን ጥላ ቀጥታ ፍሬአብ ጋ ሄደች፤ ያለ ጃንጥላ።

«አንተ ዶክተር፣ የምታክመው አፏን ነው?»

«ነርስ ነኝ።»

«እሱን ተወው። አፏን ነው ወይስ እሷን?»

«የማንን አፍ?»

«የዘይቱናን።»

«እትዬ፣ እዚህ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ ለማንም አልናገርም።»

«አንተ አትናገር። ልናገር የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጆሮህን ብቻ ስጠኝ።» ወንበር ሳትጠየቅ ተቀመጠች። «ጥሩውን ጥላ ጥቁሩን ታስቀራለች። ትሪዋን የምናጠራው እኛ ነን። ጀዋር ያየው የኔን እጅ ነው፣ የማናልሞሽን እጅ ነው። እሷ ካቆመች ወር አለፋት።»

ፍሬአብ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሻሿን ሰጥታኛለች» አለች በየነች። «የዒዱን።»

«ሌላስ የሰጠችው አለ?»

ነገረችው። «ጅማ ስንማር አንድ አስተማሪ ነበረን» አለ ፍሬአብ። «‹ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚያስተናግዳችሁን ታማሚ ፍሩት› ይል ነበር። ‹አኩርፎ ለሚቀመጠው መድኃኒቱ ቀድሞ ሊሠራለት ይችላል። የሚያጫውታችሁ ግን እያጫወታችሁ ወሩ ያልቃል። አፉን ስሙ፤ እጁንና እግሩን ግን እዩ።› ሁልጊዜ ልክ ይሆናል አላለንም። እኔ ደግሞ ስለ እናቴ ወገብ ሳወራ...»

«ጨዋታዋን አውቀዋለሁ። እኔም ሃያ ዓመት ተጫውቼበታለሁ።»

ፍሬአብ ያኔውኑ ማርዋ ጋ ደውሎ ዛሬውኑ ነይ፣ ብቻዋን እንዳታድር አለ። ማርዋም በመጨረሻው መኪና ገባች። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ዘይቱና ልጇን እንደ እንግዳ ተቀብላ ማስተናገድ ያዘች። «ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትባል «እሺ ልጄ፣ ኢንሻአላህ» ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ አለ። «ደህና ሆኜ የታማሚ ወንበር ልያዝ?» ትላለች። «ጀዋርን ጠይቁት፣ ትሪዬን ጠይቁት።»

ሐሙስ ጠዋት በየነች ጠረጴዛው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬ እጅ አናውስም» አለች። ዘይቱና ገና አልደረሰችም ነበር።

«ምን አልሽ?» አለች ማናልሞሽ።

«ትሪዋን እንዳለ እንተወው።»

«ሃያ ስምንት ዓመት ያልተነካ ስሟን ጀዋር ፊት እናዋርደው? አንቺ ልብ የለሽም?»

«ስሟ ተርፎ እሷ ካልተረፈች ስሙን ለማን ልትሰጪው ነው?»

ማናልሞሽ ፊቷን አዞረች። ቀኑ አላልቅ አለ። ዘይቱና ለሶላት ስትነሳ አምስቱም ሴቶች እጃቸውን ጭናቸው ሥር ቀብረው ተቀመጡ። አንዷ አላስቻላትም፤ ጣቷን ወደ ትሪው ስትሰድ በየነች እጇን መትታ መለሰችላት። ከጣሪያው ቆርቆሮ በላይ ዝናቡ ይወቃል፣ መቀሸሪያው ያጉረመርማል፣ ዘይቱና ተመልሳ ቁጭ ብላ ትለቅማለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትለቅማለች።

ማታ ጀዋር መጣ። ትሪ እያዘነበለ አምስተኛው ላይ ደረሰ። የዘይቱናን ሳያይ ሊያልፈው ነበር፤ ልማዱ ነበር። እግሩ ካለፈ በኋላ ዓይኑ ተመለሰ። ያን ድምፁን አላሰማም። ትሪውን ወደ መብራቱ አስጠጋ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ በየነች ዞረ።

«ትሪ ቀየርሽባት!»

ጣቱን ቀሰረባት።

«ሻሿን አስረሽ ስትዞሪ አይቼሻለሁ። ሻሿ አልበቃሽ ብሎ ትሪዋን? ይሄ ቆሻሻ የአንቺ ነው፣ የሷን ንጹሕ ስጪያት!»

ሴቶቹ ቢናገሩ እጅ ማዋስን ሊያወጡ ነው፤ ዝም ቢሉ በየነች ሌባ ልትሆን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መልስ ያልቸገራት በየነች ጠረጴዛውን እያየች ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጀዋር ማናልሞሽን «አንቺስ አላየሽም?» አላት፤ ማናልሞሽ ጣሪያውን አየች።

«አልሐምዱ...» አለች ዘይቱና፣ እንደ ልማዷ ነገሩን ልታበርድ። አልጨረሰችውም። ትሪውን ወደ ራሷ ሳበች። ጥቁሩን አየች፣ ስባሪውን አየች። ጣሳውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ ነጭ ነጭ፣ ደልደል ያለ፣ ምንም የማይወጣለት ፍሬ ፈሰሰ። ለአፍታ ጣቶቿ ሳይንቀሳቀሱ ላዩ ላይ ቆዩ።

«ጀዋር፣ እሷን ተዋት» አለች። «እጁ የኔ ነው። እኔ ደህና አይደለሁም።»

ጀዋር ብዙ ጥቁር ፍሬ አይቷል፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህች ሴት ሰምቶ ግን አያውቅም። የሚያደርገው ቢጠፋው የራሱን በርጩማ አምጥቶ፣ ቀድሞውንም ወንበር ላይ ለተቀመጠችው ሴት «እዚህ ቁጭ በይ» አላት።

በማግስቱ ማርዋና በየነች ግራና ቀኝ ሆነው ይዘዋት ሄዱ። ፍሬአብ ወረቀቱን አላወጣም፤ ወንበሩን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቶ ከጎኗ አደረገው።

«እናትህ ወገባቸውን...» አለች ዘይቱና።

«ዛሬ አያስተናግዱኝ፣ እናቴ። ዛሬ እንግዳዋ እርስዎ ነዎት።»

ዝም አለ። ዝምታው ዘይቱናን ከጥያቄ ሁሉ በላይ አስጨነቃት። ተረከዟ ወለሉን ይመታል፤ ጣቷ ከጉልበቷ ላይ ይለቅማል፣ ይጥላል፣ ይለቅማል። ፍሬአብ ተረከዙን አየ፣ ጣቱን አየ፤ ያየውን ካርዱ ላይ ጻፈ። ከዚያ ሳያቅማማ ጠየቃት፦ «ከዚህ ዓለም መሄድ ያስባሉ?»

አፏ አልመለሰም። አንገቷ ግን ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ማርዋ የእናቷን እጅ ያዘች፤ እጁ ከእጇ ውስጥም ሆኖ መልቀሙን አላቆመም።

መጠኑ ከፍ ተደረገ። ቀጠሮው በየሳምንቱ ሆነ። መድኃኒቱ ዘይቱና እጅ እንዳይገባ በየነች ቤት ተቀመጠ፤ በየነች በየማለዳው አንዷን ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ ትመጣና እስክትዋጥ ቆማ ታያለች። «አፍሽን ክፈቺ» ትላታለች፣ «ምላስሽን አንሺ»። ሰፈሩ በየነች ዶክተር ሆነች አለ፤ እሷ «ነርስ ነኝ» ብላ አላስተካከለችም። ማርዋ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ እናቷ ጋ ቆየች። ጀዋርም ዘይቱናን ከትሪው አንስቶ የጆንያ አፍ መስፋት ላይ መደባት፤ ስለ እጅ ማዋስ ማንንም አልጠየቀም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ትሪ ሲያዘነብል ሴቶቹን ጭምር ማየት ጀምሯል።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደ በፊቱ ነበር። ሁለተኛው ባሰ፤ ዘይቱና አንድ ቀን ፍሬዋን ጭቃ ላይ ጣለቻት፣ በየነች አንስታ በቀሚሷ ጠርጋ መለሰችላት፣ ተሰዳደቡ። ሦስተኛው ሳምንት ቀትር ላይ ጆንያ እየሰፋች ሳለ መርፌዋን እንደያዘች በጆንያዎቹ ክምር ላይ እንቅልፍ ጣላት። ጀዋር መጋዘኑን ሁሉ «እሽ!» እያለ ዞረ፤ መቀሸሪያውን ግን እሽ ማለት አልቻለም፣ እሷም አልሰማችውም። አራተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ እንደገና በዝናብ መሃል ስትንከራተት ታየች፤ ሰፈሩ «አልቆላታል» አለ፣ ሰፈሩ ሁልጊዜ ይቸኩላል። በየነችም በዚያ ሳምንት በየማታው የዘይቱናን ቤት አንኳኩታ ማርዋ በሩን እስክትከፍት ከደጅ ትቆም ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ዘይቱና ለቀጠሮዋ ዘግይታ መጣች። ፍሬአብን ሰላም አላለችውም። ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ፊቷን አጠቆረች።

«እንዴት ነዎት?»

«ገና ነኝ።»

ፍሬአብ ስለ እናቱ እስክትጠይቀው ትንሽ ጠበቀ። አልጠየቀችውም። ወረቀቱን አወጣ። እንቅልፍ ማጣት ላይ «ግማሹን ሳምንት» አለች፤ ድካም ላይ «በየቀኑ» አለች፣ ይህም የሱ ጥፋት በሆነ አነጋገር።

«ስንት ይቀርሃል?»

«አምስት።»

«ፈጠን በል፣ ርቦኛል።»

ፍሬአብ ቀና አለ። የቀሩትን ጠየቀ፣ መለሰች። ያንን ከዚህ ዓለም የመሄዱን ጥያቄ ግን ቀስ ብሎ ጠየቀ፤ እሷም ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀችና «አንዳንድ ቀን። ዛሬ የለም» አለች። የሚቀጥለውን ሳምንት ቀጠሮ ጻፈላት፤ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ወጣች።

በየነች ደጅ ቆማ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ጎደሬ ቀቅላ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ዘይቱና ማንንም ሳታማክር ወደዚያ ተሻገረች፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ አንዱን ጎደሬ ከነትኩሳቱ ገመሰችና በቃሪያ ዳጣ አጥቅሳ ጎረሰች። ሁለተኛውን ጎረሰች። ለማንም አላጎረሰችም። በየነች ከፊቷ ቁጢጥ ብላ ጉንጯ ሲንቀሳቀስ፣ ጉሮሮዋ ሲውጥ ታያለች።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለች ዘይቱና አፏን ሞልታ።

«ብይ ዝም ብለሽ።»

«ዳጣው አነሰ። ጨምሪ በያት።»